የሶፍትዌር ቋንቋ በጨረታ ሰነድ ይወሰን ወይ?

መክፈቻ፦ በሐዋሳ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሶፍትዌር የሚጻፍበትን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የጨረታ ሰነዱ አስቀድሞ ሊወስን ይገባል እላለሁ። ማይክሮሶፍት በ2019 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው፣ በምርቶቹ ላይ ከሚያርማቸው የደኅንነት ክፍተቶች 70 በመቶ ያህሉ ከሜሞሪ (ፕሮግራሙ ሲሠራ ዳታውን ከሚያስቀምጥበት ቦታ) አያያዝ ስሕተት የሚመነጩ ናቸው። ሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ የተባሉት ቋንቋዎች የተለቀቀን ሜሞሪ መልሶ ከመንካት አይከለክሉም፤ ራስት የተባለው ቋንቋ ግን እንዲህ ያለውን ኮድ፣ ፕሮግራመሩ ሆን ብሎ ጥበቃውን ካላነሣ በቀር፣ ኮምፓይል አያደርገውም፤ ማለትም ኮምፒውተሩ ወደሚያስፈጽመው ትእዛዝ አይተረጉመውም።

ተቃውሞ፦ እኅታችን ያነሡት አኃዝ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን አያስኬድም። አሪያን 5 ሮኬት ጁን 4 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ከተነሣ 40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ሲበታተን፣ የአቅጣጫ ሶፍትዌሩ የተጻፈው በጥብቅነቱ በሚታወቀው በአዳ ቋንቋ ነበር። ከአሪያን 4 የተወሰደው ኮድ ባለ 64 ቢት ቁጥርን በማይበቃው የ16 ቢት ቦታ ለመያዝ ሞከረ፤ ቋንቋው ስሕተቱን አይቶ ጮኸ፣ ጩኸቱን የሚቀበል ኮድ ግን አልተጻፈም ነበር። በዚያ ላይ ራስት ብቻ ቢባል በከተማችን የሚወዳደር ስንት ድርጅት ይቀራል?

ሦስተኛ ሐሳብ፦ እኔ ከራሴ እጅ የወጣውን ልናገር። ለአውቶቡስ ትኬት በጃቫ በጻፍነው ፕሮግራም ውስጥ ሰዓት ተራ ቁጥር ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ወደ አዲስ አበባ የሚነሣውን መኪና ትኬት ቆራጯ 12 ብላ መዘገበች፤ ሰርቨሩም እኩለ ቀን መስሎት ለተሳፋሪው መልእክት ላከ፤ ሰውየው ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ ሲደርስ መኪናው ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖት ነበር። ጃቫ ጥብቅ ነው ይባላል፤ ነገር ግን የማን 12 እንደሆነ እኛ አልነገርነውም። (ናሳም በ1999 እ.ኤ.አ. የማርስ መንኮራኩሩን ያጣው አንዱ ሶፍትዌር በፓውንድ የኃይል መለኪያ ያወጣውን ቁጥር ሌላው በኒውተን መለኪያ ስለቆጠረው ነው።) በኋላ የሀገራችንን ሰዓትና ዓለም አቀፉን ሁለት የተለያዩ፣ አንዱ በሌላው ቦታ የማይገቡ የዳታ ዓይነቶች ስናደርጋቸው፣ ማንም ያላስተዋላቸውን ሌሎች ሦስት ቦታዎች ኮምፓይለሩ ራሱ አወጣልን። ስለዚህ ሰነዱ የቋንቋ ስም ከሚጠራ፣ ሰዓት፣ ቀንና ገንዘብ በተራ ቁጥር እንዳይያዙ ቢያዝ ይሻላል።

የመክፈቻው አቅራቢ፦ እቀበላለሁ፤ ግን ኮድ የማያነብ የጨረታ ኮሚቴ ይህን በምን ያረጋግጣል? የቋንቋ ስም ቢያንስ ወረቀት ላይ ይታያል።

ሦስተኛ ሐሳብ፦ ሙሉ ማረጋገጫ ባይሆንም፣ በርክክቡ ዕለት ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ብለው ያስገቡበት። በዚያ ዓመት ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ነበረች፤ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ከተቀበለ ፊርማው ይቆይ።