ሰው ለተገደለባቸው፦ ከየትኛው ካሳ ይጀመር?

ወንድሟ ተገድሎባት «ልጆቹን በምን ላሳድግ?» ብላ ለጠየቀችው እህቴ፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔም ለአንዲት ዘመዴ ወረቀት ይዤ ስሮጥ ከርሜአለሁ።

መጀመሪያ መንግሥት ለወንጀል ተጎጂዎችና ለቤተሰቦቻቸው የሚከፍልበትን የካሳ ፈንድ ጠይቂ፤ በምትኖሪበት አገር ካለ ማለቴ ነው። ብዙ ሰው «እስቲ ገዳዩ ይፈረድበት» እያለ ይቀመጣል። ፈንዱ ግን በአብዛኛው ፍርድ አይጠብቅም፤ ገዳዩ ባይያዝም ሊከፍል ይችላል። የሚፈልገው ወንጀሉ ለፖሊስ መነገሩንና ቤተሰቡ ከመርማሪ ጋር መተባበሩን ነው። ቀነ ገደቡ ግን አይጠብቅሽም። በብሪታንያ ለምሳሌ በመደበኛው 2 ዓመት ነው።

ዘመዴ «የወንድሜን ደም ልሽጥ?» ብላ ወራት አባከነች። በአሜሪካ በ1984 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የተጎጂዎች ፈንድ በዋናነት የሚሞላው ጥፋተኞች ከሚከፍሉት ቅጣት መሆኑን ስነግራት ነው ትንሽ የለዘበችው።

የቀብር ወጪ፣ ሟች ያስተዳድራቸው ለነበሩት ድጎማ፣ የሥነ ልቦና ምክር፤ በብዛት የሚሸፈኑት እነዚህ ናቸው። ደረሰኝ ያዢ! እኛ ሁሉንም በጫማ ካርቶን አጠራቅመን የሬሳ ሳጥኑ ደረሰኝ ብቻ ጠፋብን። ሻጩን ፈልገን ሌላ እስኪያጽፍልን ድረስ ፋይሉ ሦስት ወር ተኛ።

የሕይወት ኢንሹራንስ ከነበረው ፈጥኖ የሚደርሰው እሱ ነው። የመሥሪያ ቤቱንም ጡረታ ጠይቂ። ያገኘሽውን ግን ለፈንዱ አትደብቂ፤ ከሌላ ቦታ የተከፈለውን ብዙ ጊዜ ያቀናንሳል፣ የደበቀውን ደግሞ ጭራሽ ይከለክላል።

ፍርድ ቤት ገዳዩን «ካስ» ሲለው ደስ ይላል። ገንዘቡ ግን ከእስር ቤት ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚመጣው፣ ከመጣ። የኔዘርላንድን አሠራር ወድጄዋለሁ፦ በከባድ ወንጀል ጥፋተኛው በ8 ወር ውስጥ ከፍሎ ካልጨረሰ መንግሥት ቀሪውን ለቤተሰቡ ይከፍልና እሱን ራሱ ያሳድደዋል።

የፍትሐ ብሔር ክስ? ገዳዩ ንብረት ካለው ብቻ። ከሌለው ለጠበቃ ከፍለሽ የፍርድ ወረቀት ብቻ ይዘሽ ትመለሻለሽ።

ማመልከቻው ብዙ ቦታ በነጻ ነው የሚሞላው፤ የተጎጂዎች ድጋፍ ድርጅቶችም አብረውሽ ይሞሉልሻል። «ከሚወጣልሽ ላይ በመቶኛ» የሚልሽ ሰው ከመጣ ቅጹን ከእጁ ተቀበይውና ሂጂ።