ሁሉም የተቀመጠበት የተፋሰስ ኮሚቴ ለምን አይወስንም?

ቃለ ጉባኤ ያዥዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ትልቅ ከተማና ዙሪያውን ያሉ ትናንሽ ከተሞች የሚጋሩት ወንዝ አለ። እኔ የዚያ ተፋሰስ የጋራ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ፤ አራት ዓመት ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። ያልተጠራ የለም። ማዘጋጃ ቤቶች፣ የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቶች፣ ፋብሪካዎች፣ በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች፣ የወንዝ ዳር ነዋሪዎች፣ ሁሉም ወንበር አላቸው። ባለፈው ሳምንት መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ አንስቼ ሳነበው ግን «በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል» የሚለውን በገዛ እጄ ሠላሳ አንድ ጊዜ ጽፌው አገኘሁት።

እዚህ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን ሌላ ነው። በዝናቡ ወራት አንዱ የላይኛው ተፋሰስ ከተማ የጎርፍ ማቆያ ኩሬው ሊሞላበት ሲል በሌሊት በሩን ከፈተ። ታች ላሉት የደወለ የለም። በቀጣዩ ስብሰባ የነዋሪዎቹ ተወካይ የሆኑ አንድ እናት ሲባጎ ይዘው መጡ፤ ቤታቸው ውስጥ ውሃው የደረሰበትን ከወለሉ ለክተው ቋጥረውበታል። ምንም ሳይናገሩ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። በኋላ ብድግ ብዬ ስለካው ቋጠሮው ከወገቤ በላይ ነው። የተሰጣቸው መልስ «የማሳወቅ ግዴታ የለብንም» የሚል ነበር። ሕጉን አገላብጬ አየሁት፤ እውነትም የለባቸውም። ያንንም ጻፍኩ።

እንዲህ ያለ ኮሚቴ ከመነጋገር አልፎ የሚወስን እንዲሆን ምን ያስፈልገዋል? ሌላ ቦታ የተሳካላቸውስ በምን ተሳካላቸው?

የፍሳሽ መሐንዲስ

እህቴ፣ ኮሚቴያችሁ የራሱ ገንዘብ አለው? ሰብስቦ አቅም መንፈግ «እንዳያማ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» ነው።

ጀርመን ውስጥ በሩር አካባቢ ኤምሸር የሚባል ወንዝ አለ። በድንጋይ ከሰል ቁፋሮ ምክንያት መሬቱ ይሰምጥ ስለነበር የፍሳሽ ቱቦ መቅበር አልተቻለም፤ ወንዙ ራሱ የፍሳሽ ቦይ ሆነ። አንድ ከተማ ብቻውን የሚወጣው ጉዳይ ስላልነበረ እ.ኤ.አ. በ1899 ከተሞቹ፣ ማዕድን ማውጫዎቹና ፋብሪካዎቹ ማኅበር መሠረቱ። አባልነቱ በሕግ ግዴታ ሆነ፤ እያንዳንዱ በሚያደርሰው ጉዳትና በሚያገኘው ጥቅም ልክ ይከፍላል፣ ድምፁም በመዋጮው ልክ ነው። ማኅበሩ ዛሬም አለ። ቁፋሮው ከአካባቢው ሲርቅ 51 ኪሎ ሜትር ዋና የፍሳሽ መስመር ከመሬት በታች ዘረጋ፤ በጠቅላላው 5.5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ አውጥቶ በ2021 መጨረሻ ወንዙን ከፍሳሽ ነጻ አወጣው። ሥራው ሠላሳ ዓመት ያህል ወስዷል። ከንቲባ በተቀየረ ቁጥር የሚቋረጥ ቢሆን ኖሮ ከዳር አይደርስም ነበር።

ቃለ ጉባኤ ያዥዋ

አመሰግናለሁ። ኮሚቴያችን የራሱ ገንዘብ የለውም። ወጪውን የሚሸፍነው ትልቁ ከተማ ነው፤ አጀንዳውም የሚመጣው ከዚያው ነው። ግን ድምፅ በመዋጮ ልክ ከሆነ፣ ሲባጎ ይዘው ለመጡት እናት ስንት ድምፅ ሊደርሳቸው ነው? ይህ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ከግድቡ በላይ ያደግሁ

እኔ ደግሞ በላይኞቹ በኩል ልናገር። ላይ ያለው ሰው ሁልጊዜ የሚጠራው ሊወቀስ ነው።

ኒውዮርክ አብዛኛውን ውሃዋን የምታገኘው ከካትስኪልና ከደላዌር ተፋሰሶች፣ በማጣሪያ ጣቢያ ሳያልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በላይኞቹ ላይ ጥብቅ ደንብ ላውጣ ስትል ገበሬውና ትናንሾቹ ከተሞች በቁጣ ተነሡ። ማጣሪያ ጣቢያ ልሥራ ብትል ደግሞ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃታል። በ1997 የላይኞቹ ከተሞች ከእሷ ጋር በአንድ ስምምነት ላይ ፈረሙ። መሬት የምትገዛው ባለቤቱ ወዶ ሲሸጥ ብቻ ነው፤ ለገዛችውም ግብር ትከፍላለች፤ ያረጁ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ማጠራቀሚያዎችን ለማደስ ገንዘብ ትሰጣለች።

ኩሬውን የከፈተው ከተማ ለምን እንዳልደወለ ጠይቃችሁታል?

ቃለ ጉባኤ ያዥዋ

አልጠየቅነውም። መዝገቡን ደግሜ አየሁት፤ «ለምን አላሳወቃችሁም» ተብሏል፣ ግን መልሱን ለመስማት የጠበቀ የለም።

የውሃ ሕግ ተማሪ

ስላነሱት የድምፅ ጉዳይ፦ ብራዚል ውስጥ የሳኦ ፓውሎ ክፍለ ግዛት በ1991 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ሕግ የተፋሰስ ኮሚቴን ወንበር ለክፍለ ግዛቱ፣ ለማዘጋጃ ቤቶችና ለሲቪል ማኅበረሰብ እኩል ያካፍላል። ግን የሳኦ ፓውሎ ከተማ ብዙ ውሃ የምትጠልፈው ከጎረቤት የፒራሲካባ ተፋሰስ ነው፤ ስለዚህ የራሷ ተፋሰስ ኮሚቴ ብቻውን ጉዳዩን አይዘጋውም። የእናንተም ከተማ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ቢታይ ጥሩ ነው።

ሌላው መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም የ1965 የዶክትሬት ጥናቷን የሠራችው በሎስ አንጀለስ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ነው። ባለ ጉድጓዶቹ ሲሻሙ የባሕር ውሃ ገባባቸው። ማን ምን ያህል እንደሚቀዳ ሁሉም በሚያምነው መዝገብ ታወቀ፤ የመቀነሱ ስምምነትም በፍርድ ቤት ጸና።

ቃለ ጉባኤ ያዥዋ

ዛሬ ጠዋት ወደዚያ ከተማ ደወልኩ። ኩሬውን ሌሊት የሚጠብቁት አንድ ዘበኛ ናቸው። የታችኞቹ ስልክ ቁጥር ተሰጥቷቸው አያውቅም።

መዋጮውና ድምፁ ዓመታት ይፈጃል፤ እገፋበታለሁ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ያስያዝኩት አጀንዳ ግን አንድ ነው፦ ውሃው ስንት ሲደርስ ማን ለማን እንደሚደውል የሚያስገድድ፣ ማዘጋጃ ቤቶቹ ሁሉ የሚፈርሙበት ስምምነት። የከፍታው ምልክት ሁሉም በሚያየው የድልድይ ምሰሶ ላይ ይሰመራል። ዘበኛውም እንዲገኙ ጠይቄያለሁ። እናትየዋን ሲባጎውን እንደገና ይዘው እንዲመጡ ለመንኳቸው፤ እሺ ብለውኛል።