ከግልገል የምንማረው ቅርበት፦ የ7 እሑዶች ትምህርት ረቂቅ (የዕቅድ ውይይት)

የትምህርት ክፍል ተጠሪ፦ ሰላም እኅት ወንድሞች። ለሕፃናት ክፍል ያሰብነውን የጋራ ዕቅድ እዚሁ እናብስለው። ልጆቹ አንዲት ግልገል እየተንከባከቡ ወደ እግዚአብሔር መቅረብ ምን እንደሆነ በዓይናቸው እያዩ ይማራሉ። መነሻችን ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረው ምሳሌ ነው (2ኛ ሳሙኤል 12)፤ የድሀው በግ ከእንጀራው ትበላ፣ ከዋንጫው ትጠጣ ነበር፤ እንደ ልጁም ነበረች። ጊዜው ከዳግማይ ትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ 7 እሑዶች ቢሆንስ? ጴጥሮስ «ግልገሎቼን አሰማራ» የተባለውም ከትንሣኤ በኋላ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ጊዜው ተስማምቶኛል። ኅዳርና ታኅሣሥ ቢሆን የደብረ ብርሃን ውርጭ ከእናቷ የተለየች ግልገል አይምርም። የመንዝ ዘር ትሁን፤ መንታ ወልዳ ወተት ካጠራት በግ ብትወሰድ ይሻላል። እንገር (እናቷ እንደ ወለደች የምትሰጠውን የመጀመሪያ ወተት) ጠብታ መሆኗ ሳይረጋገጥ ግን አትወሰድ፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከእንገር ያላገኘችውን የበሽታ መከላከያ በላም ወተት አንተካውም።

3 ኪሎ ለምትመዝን በቀን ከ450 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ወተት፣ በ4 ጊዜ ተከፍሎ። ወተቱ ፈልቶ እስከ 39 ዲግሪ ይብረድ፤ የላም ወተት ከበግ ወተት ቅባቱ ያነሰ ስለሆነ ውኃ አይጨመርበት። ልጆች እንደ ሕፃን አቅፈው፣ በጀርባዋ አንጋለው ማጥባት ይወዳሉ። ወተት ሳንባ ውስጥ ገብቶ ግልገል የሚገድለው እንዲህ ሲደረግ ነው። ቆማ፣ አንገቷን ትንሽ ቀና አድርጋ ትጥባ። ጅራቷ ቶሎ ቶሎ ሲወዛወዝ በደንብ እየጠባች ነው። ጡጦው ከእያንዳንዱ ጊዜ በኋላ በፈላ ውኃ ይታጠብ፤ ልጆቹም እጃቸውን በሳሙና።

አንድ አባል፦ ውሻ ቢሆንስ? ብዙ ልጆች ቤታቸው አላቸው። በመጽሐፈ ጦቢት የጦብያም ውሻ በመንገዱ ሁሉ ተከትሎታል።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ቡችላ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚወስደው ብዙውን ጊዜ በ3 ወሩ ነው፤ ያልተከተበ ውሻ በሕፃናት መሐል አላስገባም።

ተጠሪው፦ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽርም ውሻ አያስገባም። ስለ ውሾችና ስለ ፍርፋሪው የተናገረችውን የከነዓናዊቷን ሴት ቃል (ማቴዎስ 15) በንባብ እንያዘው፤ ግልገሏ ትቅደም።

የሕፃናት መምህርት፦ የዮሐንስ 10 ትምህርት፣ በጎች የእረኛቸውን ድምፅ ያውቃሉ የሚለው፣ የሚቆመው በድምፅ ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። ሁሉም ልጅ በየፊናው ከጠራት የማንንም ድምፅ አትለይም። ሦስት ልጆች በተራ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ጥሪ፣ ጡጦው ከመታየቱ በፊት ይጥሯት። ከ3ኛው እሑድ ጀምሮ አንዳንዴ ያለ ጡጦ ተጠርታ ደረቷን ብቻ ትታከክ። ይህ ካልተደረገ ልጆቹ የሚያዩት ለወተት የምትሮጥ ግልገል ነው፤ ጌታ በዮሐንስ 6 «እንጀራ ስለ በላችሁና ስለ ጠገባችሁ» ነው የምትፈልጉኝ ብሎ የወቀሰውን ዓይነት መቅረብ እናስተምራለን። በ5ኛው እሑድ የማታውቀው ሰው ያንኑ ጥሪ ይጥራ፤ ቀጥሎ ያሳደጋት ልጅ። ነፋስ ካለ ወይም ሆዷ ከሞላ ላትዞር ትችላለች፤ ያን ቀን በገመድ አትጎተት፣ ሙከራው ለሌላ እሑድ ይተላለፍ።

ቀሲስ፦ መልካም ነው ልጆቼ፤ ነገር ግን ረቂቁ በሙሉ የግልገሏን መምጣት ነው የሚያሳየው። መጀመሪያ ወደ እኛ የመጣው ግን እግዚአብሔር ነው። 4ኛው እሑድ ለሉቃስ 15፣ ለጠፋው በግ ምሳሌ ይሁን፦ ግልገሏ ከአጥሩ ጥግ ትቁም፤ ማንም አይጥራት፤ አንዱ ልጅ ሄዶ በትከሻው ይሸከማት። ልጆች «በጓ ነፍስ አላት ወይ?» ማለታቸው አይቀርም፤ መምህራኑ እንደ ሰው ነባቢት (የምታስብና የምትናገር) ነፍስ እንደሌላት፣ እግዚአብሔር ግን ሰውንም እንስሳንም እንደሚያድን ከመዝሙሩ ያስረዱ።

የሕፃናት መምህርት፦ አባታችን፣ እንዳሉት ይስተካከላል። አንድ የሚያሳስበኝ አለ፤ ከ7ኛው እሑድ በኋላ የት ትሄዳለች? ልጆቹ ስም ያወጡላትን በግ ለበዓል ታርዳ ካገኟት የተማሩት ሁሉ ይበላሻል።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ሴት ትሁን የምለው ለዚህም ነው፤ ለርቢ ትቆያለች። በ8 ሳምንት ገደማ ሳርና ድርቆሽ በደንብ ከበላች ወተቱ ቀስ በቀስ ይቀነስ። እስከዚያው ቀን ቀን ከሌሎች በጎች ጋር ትዋል፤ ብቻዋን ያደገች በግ መንጋ መቀላቀል ይከብዳታል።

ጸሐፊዋ፦ ረቂቁ ላይ የገባው፦ ሴት ግልገል፣ እንገር የጠባች፤ 3 ጠሪ ልጆች፤ 4ኛው እሑድ ሉቃስ 15፤ በመጨረሻ እንዳትታረድ በጽሑፍ ለሚስማማ፣ ሌሎች በጎች ላሉት የአንድ ልጅ ቤተሰብ ትሰጣለች። ገንዘብ ያዥ የ8 ሳምንት ወተት ሒሳብ ይሥሩልን፤ ዶክተር፣ የጡጦውን ጫፍ ዓይነት እርስዎ ይምረጡ።