ፎቅ ይሠራ ወይስ ሰው ይቆይ? የወረዳችን ሆስፒታል ክርክር

አወያይ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩን ላልሰማ በአጭሩ ልበል። ሆስፒታላችን የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። ለማስፋፊያው ሁለት ዓመት ሙሉ ከነጋዴው፣ ከገበሬው፣ ከደመወዝተኛውና ውጭ ካሉ ልጆቻችን ገንዘብ ሲዋጣ ቆይቷል። ኮሚቴው «ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ እንሥራና ወደ ጠቅላላ ሆስፒታል ይደግልን እንበል» ይላል። ሌሎች ደግሞ «ብሩ ለባለሙያ ቤት፣ ለጄኔሬተርና ለመድኃኒት ይዋል» እያሉ ነው። እሑድ ስብሰባ አለ። ከዚያ በፊት እዚህ እንጨቃጨቅ። ስድብ ክልክል ነው። የሠራተኛ ስም፣ የከተማውም ስም አይጻፍ።

ጡረተኛው መምህር፦ የኮሚቴው አባል ነኝ፣ አልደብቅም። ለምን ፎቅ አልን? እግሩ የተሰበረ ልጅ ሪፈር። የሳንባ ምች የጠናበት ሕፃን ሪፈር። አንድ ቀን ዘበኛውም ሪፈር መጻፍ ይጀምራል ብዬ እሰጋለሁ። ታማሚ በሬውን ሸጦ ነው ዞን የሚሄደው። ስፔሻሊስት የማይመደብልን ደረጃችን ዝቅ ስላለ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የታሰበው ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚሆን ሕዝብ ነው። የእኛ ወረዳ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። ከጎረቤት ወረዳም ሰው ይመጣል። ደረጃው ካደገ በጀቱ ይከተላል።

ከሜሪላንድ፦ መምህር ልክ ብለዋል። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ገንዘብ የማሰባስበው እኔ ነኝ። ሰው ኪሱን የሚፈታው ሕንፃ ሲያይ ነው። ለናፍጣና ለዲዩቲ፣ ማለትም ለሌሊት ተረኛ ክፍያ፣ አዋጡ ብል ማን ይሰማኛል? ደግሞ ያገለገለ ሲቲ ስካን የሚሰጠን ሰው አግኝተናል። ማጓጓዣውን ከቻልን የእኛ ነው።

ባለ ባጃጁ፦ ሲቲ ስካኑን በየትኛው መብራት? ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር እኮ። ያው የተለገሰው ራጅ ማሽን ጨርቅ ለብሶ ኮሪደር ላይ ተቀምጧል። አስታማሚዎች ምሳ ዕቃ ያስቀምጡበታል።

አዋላጇ፦ እኔ «በጀቱ ይከተላል» የምትለዋ ላይ ልቁም። መምህር፣ ሀ ሁ ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት፤ በአክብሮት ነው የምከራከርዎት። ጠቅላላ ሆስፒታል ማለት ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ የታሰበ ነው። የመጀመሪያ ደረጃው በአማካይ 53 ባለሙያ ሲይዝ ጠቅላላው 234 ይይዛል። ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ያሉትንስ መቼ አቆየን? እኔ ስቀጠር ማዋለጃ ክፍል ስድስት ነበርን። አሁን ሦስት ነን። አንዷ ራሷ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት።

ሌሊቱን ደግሞ ልንገራችሁ። ከወሊድ በኋላ ደም አልቆም ካለ እናቲቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ዞን ድረስ ያለው መንገድ በደህና ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ለዚህች ሴት ሪፈር የሚባል ነገር የለም። የምትድነው እዚሁ ከዳነች ነው። መጀመሪያ የምንሰጣት ደሙን የሚያቆም መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን ነው። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁም ይጠፋል። ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይፈልጋል። ናፍጣው ፊርማ ይፈልጋል። ፈራሚው ዓርብ ከሰዓት ዞን ስብሰባ ሄዷል። እስቲ ፎቁ እዚህ ውስጥ የቱ ጋ ነው የሚገባው?

ባለ ባጃጁ፦ ጨርሰሽዋል እኮ። እንዝጋው?

ጡረተኛው መምህር፦ አንዘጋውም! የኔ ልጅ፣ ስለ ሌሊቱ ያልሽው አሳምሞኛል። ግን አንድ ነገር ሸሽገሻል። በ1992 ዓ.ም. ጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 5 ነበሩ። በ2008 ከመቶ 26 ሆኑ። በ2011 ደግሞ 48። ይህን ያመጣነው «ቤት አትውለዱ» ብለን በየቀበሌው ስለለፈለፍን ነው። እኔም በትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ላይ ለፍልፌያለሁ። እሺ ብለው መጡ። አሁን ሁለት አራስ አንድ አልጋ ላይ ተኝተዋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥሩ አዋላጅ ብትኖርስ የት ታስተኛቸዋለች? ክፍል የለም ማለት አገልግሎት የለም ማለት ነው። ሕንፃን እንደ ቅንጦት አትቁጠሩት።

አዋላጇ፦ እሱንስ እውነት ብለዋል። ማዋለጃው ጠቦናል። ሁለት ክፍል ይጨመር ብትሉ መጀመሪያ የምፈርመው እኔ ነኝ። የምቃወመው ሦስት ፎቁን ነው። ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ ምጥ የያዛትን ማን ሊሸከም ነው?

እትዬ ሻይ ቤት፦ እኔ ስለ ቁጥር አላውቅም። በሩ ፊት ለፊት ነው የምሸጠው፣ የሚወጣ የሚገባውን አያለሁ። ልጄ ስትወልድ ግን አብሬያት ነበርኩ። «አትጩኺ፣ ስታረግዢ ጮኸሻል እንዴ?» አሏት። ይህ ሰው ማነስ ነው? ይህ ፎቅ ማጣት ነው? ወሊድ በነፃ ነው ይባላል፤ ጓንት ገዝታችሁ አምጡ አሉን። ጓንቱን ገዛሁ፣ አልቆጨኝም። ያ ንግግር ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

አዋላጇ፦ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። እኔ አልነበርኩም ብዬ አልሸሽም፤ እንዲህ ሲባል ሰምቼ ዝም ያልኩበት ቀን አለ። 24 ሰዓት ቆሞ የዋለ ያደረ ሰው አፉን መቆጣጠር ያቅተዋል። ምክንያቱን ተናገርኩ እንጂ ልክ ነው አላልኩም። ግን ተረኛ ሁልጊዜ ሁለት ብንሆን አንዷ ስትቆጣ አንዷ ትገስጻት ነበር።

እትዬ ሻይ ቤት፦ አንቺንማ አውቅሻለሁ። የእናቶች ማቆያው ውስጥ ገንፎ ስታገነፊ ያየሁሽ አይደለሽ? እሱ ጥሩ ነው። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡት ከምጡ በፊት ገብተው ያርፋሉ። እሱን አትንኩት።

ከሜሪላንድ፦ እኔ ግን ያልገባኝ ነገር አለ። ኦፕራሲዮን የሚሠራው ሐኪም አይደለም ሲሉ ሰማሁ። እህቴን በቀዶ ጥገና ያዋለዳት ዶክተር አይደለም ማለት ነው? ይህን እዚህ ለሰው ብናገር ያብዱብኛል።

ቀዶ ሕክምና ክፍል፦ እኔ ነኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ ሰው ዶክተር ሲለኝም አርማለሁ፣ አይሰሙኝም እንጂ። ጤና መኮንን ነበርኩ። ከዚያ ሦስት ዓመት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማስተርስ ተማርኩ። አገራችን ይህን ሥልጠና የጀመረችው በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ወረዳ አይቀመጥም። ምጥ ደግሞ ስፔሻሊስት እስኪመጣ አይጠብቅም። ሞዛምቢክ ይህንኑ የጀመረችው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ የተደረገ ጥናት አለ። ከሰባት ዓመት በኋላ በወረዳ ሆስፒታሎች የተገኙት እነዚህ ባለሙያዎች ናቸው። አብዛኞቹ አልሄዱም ነበር። እዚያ ተመድበው ከነበሩት ሐኪሞች ግን አንድም በቦታው አልተገኘም። በቀዶ ጥገና በማዋለድ ላይም ውጤታቸው ከሐኪሞቹ እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አልነበረውም።

እኔ የማልችለውን አውቃለሁ። የተወሳሰበ ስብራት እልካለሁ። የጭንቅላት ጉዳት እልካለሁ። ሲቲ ስካኑን የጓጓችሁለት ታማሚ ምስሉን እዚህ ቢነሳም ጭንቅላቱን የሚከፍትለት የለም። ያው አምቡላንስ ነው የሚጠብቀው።

ከሜሪላንድ፦ እሺ፣ ይህን አላሰብኩትም። ሲቲ ስካኑን ልተወው። ግን ለሰው ደመወዝ እኛ ልንከፍል ነው? የመንግሥት ሥራ አይደለም እንዴ?

ሐኪም የነበርኩ፦ ስሜን አልጽፍም። እዚያው ሆስፒታል ባይሆንም እሱን በሚመስል ወረዳ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን አዲስ አበባ ከሕክምና ጋር በማይገናኝ ሥራ ላይ ነኝ። ለምን ወጣህ ለሚለኝ ሰው ደመወዝ ነው ብዬ አሳጥርለታለሁ። ደመወዙ ውሸት አይደለም። በግንቦት 2017 ባለሙያው ሥራ እስከማቆም የደረሰው በጨዋታ አይደለም። እኔን ያስወጣኝ ግን እሱ ብቻ አልነበረም።

ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቤት። ሻወር የሌለው ክፍል ተከራይቼ ባለቤቲቱ «ሌሊት ሌሊት እየተጠራህ በር ታንኳኳብኛለህ» ብላ አስወጣችኝ። ሁለተኛ፣ የዲዩቲ ክፍያ። የስምንት ወር ውዝፍ ነበረኝ። ያደርኩበትን ሌሊት እንደ ለማኝ ደጅ እየጠናሁ ነበር የምጠይቀው። ሦስተኛውን ለመናገር ይከብደኛል። አንድ ልጅ ኦክስጅን አልቆ እጄ ላይ ሞተ። አባቱ በቦክስ መታኝ። አልፈረድኩበትም። ግን በማግስቱ «ሰው ተመታ ወይ» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ኃላፊ አልነበረም። በዚያው ሳምንት ሻንጣዬን ያዝኩ።

ደመወዙን እናንተ አትችሉትም፣ አትሞክሩትም። ቤቱን ግን ትችላላችሁ።

ባለ ባጃጁ፦ ወንድሜ፣ አይዞህ።

የመድህን አባል፦ ቆይ ቆይ። ፎቅ ትላላችሁ፣ ሰው ትላላችሁ። መድኃኒቱስ? በየዓመቱ ለማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን እከፍላለሁ። ደብተሬ አለ፣ ማህተሙ አለ። እናቴን የደም ግፊት ኪኒን ላስወስድ ስወስዳት «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይሉናል። በየወሩ! ከውጭ የምገዛ ከሆነ ለምንድነው የከፈልኩት? ጎረቤቶቼ ዘንድሮ አናድስም ብለዋል። እኔም ላድስ አላድስ እያልኩ ነው።

ፋርማሲ ክፍል፦ ንዴትሽ ተገቢ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። መድኃኒቱን የምንገዛው በአብዛኛው ከመንግሥት የመድኃኒት አቅራቢ ነው። የምንገዛው በራሳችን ገቢ ነው። የመድህን አባል ስትታከም እኛ አንቺን አናስከፍልም፤ ሒሳቡን ለመድህን ቢሮ እንልካለን። ቢሮው የሦስት ወሩን በስድስት ወር ይከፍላል፣ አንዳንዴም ይቆርጥብናል። በዚህ መሀል ለአቅራቢው ዕዳ አለብን። ዕዳ ስላለብን አዲስ አይሰጠንም። መደርደሪያው ባዶ የሚሆነው እንዲህ ነው። በአባል ብዛት ሆስፒታሉ ሀብታም ይሆናል ብሎ የሚያስብ አለ። ገንዘቡ ቶሎ ካልዞረ አባል በበዛ ቁጥር ቶሎ ባዶ እንቀራለን። አዲስ ነገርም አይደለም። መድህኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው ወደ ሌላው የሰፋው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ሳይታመሙ ከፍሎ ሲታመሙ መታከም። የሚያስቸግረው ክፍያው ሲዘገይ ነው።

ስለዚህ ከተዋጣው ላይ ለመድኃኒት ብቻ የሚውል ተዘዋዋሪ ፈንድ ይመደብ ባይ ነኝ። የመድህኑ ብር ሲመጣ ይመለሳል።

ጡረተኛው መምህር፦ ተዘዋዋሪ ፈንድ! በዚች ከተማ ስንት ተዘዋዋሪ ፈንድ ዞሮ ዞሮ ሲጠፋ አየሁ። የወጣቶቹ ዞረ። የሴቶቹ ዞረ። ፎቅን ማንም አዙሮ አይበላውም። ቢያንስ ጡቡን ቆጥረን እንረከባለን። ይህ ገንዘብ የገበሬ ገንዘብ ነው። ዶሮ ሸጣ 200 ብር ያመጣች ሴት አለች፣ ደረሰኙን የቆረጥኩላት እኔ ነኝ። «የት ደረሰ?» ብትለኝ ምን አሳያታለሁ? ያለቀ ኪኒን ካርቶን?

የመድህን አባል፦ የዳነች እናቴን ያሳይዋት መምህር።

ጡረተኛው መምህር፦ በነገር ወጋሽኝ። እሺ። ግን ስጋቴ ስጋት ነው። ኪኒኑ ቀርቶ ቁጥሩን በየወሩ በር ላይ የሚለጥፍ ሰው ካልተገኘ አልስማማም። ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ወጣ፣ ምን አለቀ።

ፋርማሲ ክፍል፦ በየወሩ? በየሳምንቱ እለጥፋለሁ። እንዲያውም «የለም» ስል ሰው ደብቄ የምሸጥ እየመሰለው ነው የሚሰድበኝ።

ከሜሪላንድ፦ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዶክተሩ ያለው ቤትም እኮ ሕንፃ ነው። ግቢው ውስጥ ስምንት ክፍል ያለው የባለሙያ መኖሪያ ቢሠራ ፎቶ ይነሳል፣ ይመረቃል፣ ስማችንም በሩ ላይ ይጻፋል። ይህንን ለእኛ ሰዎች መሸጥ እችላለሁ። ለናፍጣ ነው ካልኩ ግን እመኑኝ አንድ ዶላር አልሰበስብም።

ባለ ባጃጁ፦ ናፍጣውን ለእኛ ተዉት። የባጃጅ ማህበሩ በየወሩ አንድ በርሜል ይችላል፣ ሊቀመንበሩን አነጋግራለሁ። ግን ፈራሚው ሲሄድ የሚፈርም ምክትል ይኑር። ቁልፉም ተረኛው ጋ ይደር። ሌሊት ነፍሰ ጡር አድርሼ መብራት ጠፍቶ በሞባይል ባትሪ ሲያዋልዱ ደጅ ቆሜ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ አልሠራሁም።

ጡረተኛው መምህር፦ ምክትል የማስፈረሙን ነገር ለቦርዱ እጽፋለሁ። ብር አይፈልግም፣ ደብዳቤ ነው። ስለ ቤቱ ግን ከተማ አስተዳደሩ ቦታ ይስጥ እንጂ ከሆስፒታሉ ግቢ ላይ አይቆረስ። ማዋለጃው ወደፊት የሚሰፋበት መሬት ያስፈልገዋል። የጠቅላላ ሆስፒታሉንም ጥያቄ አልተውኩትም፤ ልጆቼ ስለተሰበሰቡብኝ ብቻ የምተወው አይደለም። ፎቁ ይቆይ፣ ጥያቄው ግን ይግባ።

ቀዶ ሕክምና ክፍል፦ ይግባ መምህር። እኔም ከጎኔ ስፔሻሊስት ቢመጣልኝ አልጠላም፣ እማርበታለሁ። ለጊዜው የምፈልገው ግን የኦክስጅን ሲሊንደር በትርፍ ሁለት ነው።

አወያይ፦ እሑድ የሚቀርበውን እኔ ጽፌ አመጣለሁ። የባለሙያ ቤት፣ ሁለት የማዋለጃ ክፍል፣ የመድኃኒት ፈንድ ከነማስታወቂያው። ስለ ፎቁ መምህር ይናገራሉ። ስለ ሌሊቱ ደግሞ አዋላጃችን ቆመሽ ብትናገሪ ጥሩ ነው። እኛ ብንናገረው እንደዚህ አይሆንም።

አዋላጇ፦ እሑድ ተረኛ ነኝ።

ባለ ባጃጁ፦ በቃ፣ ስብሰባው ወደ እናንተ ይምጣ። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ምን አለ?

እትዬ ሻይ ቤት፦ ዋርካው ሥር ይሁን። ወንበር አለኝ። ሻይ ግን በነፃ አይደለም።

አዋላጇ፦ ምጥ ካልመጣ እወጣለሁ።