ለሰፈር ዥዋዥዌ ከሥሩ ምን ይነጠፍ?

ጥያቄ፦ ሰላም የአዳማ ልጆች። ከሰፈራችን ክፍት ቦታ ላይ ባለሁለት መቀመጫ ዥዋዥዌ ልንተክል ነው። ማንጠልጠያ ብረቱ ከመሬት 2.4 ሜትር ይርቃል። ከሥሩ ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይበቃል ወይስ ኮንክሪት እንሙላው?

መልስ 1፦ ኮንክሪቱን እርሱት። ሬድ አሽም ጉልበት ይልጣል። የታጠበ የወንዝ አሸዋ 40 ሴ.ሜ ሙሉ፤ 30ው ለመውደቂያ፣ 10ሩ ልጆቹ በእግራቸው ለሚገፉት። ጭቃ ያለበት አሸዋ ዝናብ ሲመታው ይጠጥርና ሊሾ ይሆናል። ግማሽ ጠርሙስ አሸዋ ላይ ውሃ ሞልታችሁ ነቅንቁና አስቀምጡት። ከላይ ወፍራም ጭቃ ከተኛ መኪናውን መልሱት፣ ሻጩ ቢምልም።

መልስ 2፦ ስፋቱስ? ከፊትም ከኋላም የማንጠልጠያው ከፍታ እጥፍ ባዶ ይሁን፤ 4.8፣ 4.8 ሜትር። በጎንና በጎን 1.8። ቋሚዎቹ 3 ሜትር ከተራራቁ 9.6 በ6.6 ነው፤ 25 ሜትር ኪዩብ ገደማ አሸዋ። አጥርም አግዳሚም እዚያ ውስጥ አይግባ። ለጥላ ኒም ትከሉ፣ ግን ከዚያ ውጪ።

መልስ 3፦ የእግሮቹ ኮንክሪት አናት ከአሸዋው ሥር ይቀበር። መቀመጫው የመኪና ጎማ ከሆነ ታችኛውን ብሱት፣ ውሃ ካቆረ ትንኝ ይፈለፈልበታል። የሰንሰለቱ መንጠቆ አፉ ግጥም ይበል፤ ክፍተት ካለው ልብስ ይይዛል። ቀድሞ የሚበላውም መንጠቆው የሚፋተግበት ቦታ ነው፣ እሱን እያያችሁ ለውጡ። አሸዋው ከመቀመጫው ሥር ስለሚሸሽ በየሳምንቱ በአካፋ መልሱት።

ጠያቂው፦ አሸዋው የሚሞላበት ጉድጓድ ክረምት ውሃ ቢይዝስ?

መልስ 1፦ 10 ሴ.ሜ ጨምራችሁ ቆፍሩ። ሬድ አሹ እዚያ ታች ይግባ፣ ውሃ ያሳልፋል።