ክርክር፦ የናጎያ ግንብ በእንጨት ሲሠራ ሊፍት ይግባለት?

የአናጢ ልጅ፦ ጃፓን ያለው የናጎያ ግንብ በጃፓኑ የጦር ገዥ በቶኩጋዋ ኢያሱ ትእዛዝ ተሠርቶ ዋናው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1612 አለቀ። ሜይ 14 ቀን 1945 በአሜሪካ የአየር ድብደባ ነደደ፤ በ1959 በኮንክሪት ተተካ። ኮንክሪቱም የመሬት መንቀጥቀጥ አይችልም ተብሎ ከ2018 ጀምሮ ተዘግቷል። ከተማው ይህን አፍርሶ እንደ ጥንቱ በእንጨት ሊያቆመው ያስባል። እኔ ደጋፊ ነኝ፤ ግን ሊፍት አይግባበት። ከመቃጠሉ በፊት ምሰሶው፣ ወራጁ፣ ደረጃው ሳይቀር ተለክቶ ተስሏል። በዚያው ዘመን ልኬት አጠገቡ ያለው የሆንማሩ ቤተ መንግሥት በእንጨት ታድሶ በ2018 ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል። እንዲህ ያለ ማስረጃ በእጅ እያለ ለምን እንሸራርፈዋለን?

ባለዊልቸሯ፦ ወንድሜ፣ የኮንክሪቱ ሕንፃ እኮ ሊፍት ነበረው። ትናንት የወጣ ሰው ነገ ከታች ይቅር ማለትህ ነው። እኔ አንድ ቤተ መዘክር ሄጄ ታናሽ ወንድሜ በጀርባው አዝሎ ነው ያወጣኝ። አሥራ አራት ደረጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ላይ ስንደርስ ልብሱ በላብ ርሶ ነበር፤ እኔም ዕቃዎቹን ሳይሆን እሱን ሳይ ዋልኩ። በ2023 ናጎያ ላይ ነዋሪዎች ስለዚሁ ሲወያዩ፣ ሊፍት የጠየቀውን ባለዊልቸር «ቻለው» ያሉት ነበሩ፤ ስድብም ተጨምሮበታል። ያን ሳነብ ያመመኝ ለዚህ ነው።

አስጎብኚው፦ ስድቡን ማንም አይደግፍም። ሌላው የጃፓን ግንብ ሂሜጂ ግን ሊፍት የለውም፤ ጫማህን አውልቀህ ቀጥ ያለውን የእንጨት ደረጃ ትወጣለህ። በዚያ ማንም አይከራከርም፣ ከጥንት ከተረፉት 12 የግንብ ዋና ሕንፃዎች አንዱ ነውና። የናጎያው ግን አዲስ ሕንፃ ነው። የዛሬ ሰው ለዛሬ ሰው የሚሠራውን በሂሜጂ ሚዛን አትመዝኑት።

የአናጢ ልጅ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። እዚያው ጃፓን ያለው የኢሴ ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል፤ «አዲስ ነው» ብሎ የናቀው የለም። ቅርሱ እንጨቱ ብቻ ሳይሆን የአናጢው እጅም ነው። አባቴ መጋጠሚያ ሲፈለፍል ሚስማር አያስነካም ነበር፤ ያ ሙያ ካልተሠራበት ይሞታል። እህቴ፣ ያልሽው ግን ገብቶኛል። ምሰሶና ወራጅ ሳይቆረጥ የሚገባ ትንሽ ማንሻ ከተገኘ አልቃወምም።

ባለዊልቸሯ፦ እስከ ስንተኛው ፎቅ?

የአናጢ ልጅ፦ ወራጁ እስከፈቀደበት።

ባለዊልቸሯ፦ እንግዲያው ንድፉን ስትስሉ ከወራጁ በፊት እኛን ጠይቁን።