ፕሬዝዳንቱ ኮንግረስን ሳያስፈቅድ ጦርነት መክፈት ይችላል?

ሰላም_ሜሪላንድ፦
ሰላም ቤተሰብ። ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና ስናጠና "ጦርነት ማወጅ የፌዴራል መንግሥቱ ሥልጣን ነው"፣ "የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ፕሬዝዳንቱ ነው" እያልን ሸምድደን ነው የገባነው። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ግን ማንም አላስረዳንም። የ60 ቀን ሕግ አለ ሲባል እሰማለሁ። ካለ ታዲያ ፕሬዝዳንቶቹ ደስ ባላቸው ጊዜ አገር የሚደበድቡት እንዴት ነው? የምታውቁ አስረዱኝ።

የሕግ_ተማሪ፦
እህቴ፣ ሕጉ አለ። ሕገ መንግሥቱም ጦርነት የማወጅ ሥልጣን የሰጠው ለኮንግረስ (ለተወካዮች ምክር ቤትና ለሴኔት) ነው። ግን ኮንግረስ በወጉ ጦርነት ያወጀው ለመጨረሻ ጊዜ በ1942 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር)፤ በቡልጋሪያ፣ በሃንጋሪና በሮማኒያ ላይ። በ1950 ፕሬዝዳንት ትሩማን ኮሪያ ሲዘምት አላስፈቀደም። ቬትናም ላይ ደግሞ በሩን የከፈተው ራሱ ኮንግረስ ነው፤ በ1964 የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውሳኔ በተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ በሴኔት 88 ለ2 አለፈ፤ ፕሬዝዳንት ጆንሰንም እንዳሻው ተዋጋበት።

ፕሬዝዳንት ኒክሰን ካምቦዲያን በድብቅ ማስደብደቡ ከታወቀ በኋላ ነው ነገሩ የመረረው። በኖቬምበር 1973 ኮንግረስ የኒክሰንን ቬቶ (ሕጉን አልፈርምም ብሎ መመለሱን) በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሽሮ የጦርነት ሥልጣን ሕጉን አጸደቀ። ፕሬዝዳንቱ ጦር ካዘመተ በ48 ሰዓት ያሳውቃል፣ በ60 ቀን ፈቃድ ካላገኘ ያቆማል፣ ወታደሩን በደህና ለማስወጣት ቢበዛ 30 ቀን ይጨመርለታል።

ችግሩ ቀኑን የሚቆጥረው ማን ነው የሚለው ነው። ኦባማ በማርች 2011 ሊቢያን መደብደብ ጀመረ፣ 60 ቀኑ ሜይ ላይ አለፈ። ኋይት ሀውስ ምን አለ? እግረኛ ጦር አላስገባንም፣ ተኩስ እየተለዋወጥን አይደለም፣ ስለዚህ ሕጉ የሚለው ዓይነት ውጊያ ውስጥ አይደለንም። ዘመቻው እስከ ኦክቶበር ቀጠለ። ይሄ ክርክር እኔን እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

ቨርጂኒያ_01፦
እኔ እዚህ ላይ እለያለሁ። ሚሳይል እየመጣ 535 የኮንግረስ አባል ተሰብስቦ ድምፅ እስኪሰጥ አይጠበቅም። ጥፋቱም የፕሬዝዳንት ብቻ አይደለም። በ2001 ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ፕሬዝዳንቱ ጦር እንዲጠቀም የወጣውን ፈቃድ በሁለቱም ምክር ቤቶች የተቃወመች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ ባርባራ ሊ። ሌላው ሁሉ እጁን አወጣ።

የሕግ_ተማሪ፦
አገር ከተጠቃ መመከትን ሕጉም አይከለክልም ወንድሜ። የኔ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ስላለው ወራትና ዓመታት ነው። በ2019 ስለ የመን፣ በ2020 ስለ ኢራን ሁለቱም ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ ይብቃ አሉ፤ ትራምፕ ሁለቱንም ቬቶ አደረገ፣ ለመሻር ሁለት ሦስተኛ አልተገኘም። የ1973ቱ ሕግ ለዚህ ቬቶ የማይነካው መንገድ አስቀምጦ ነበር፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች ፕሬዝዳንቱ ሳይፈርም በራሳቸው ውሳኔ ጦሩን ማስወጣት ይችሉ ነበር። በ1983 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ ያንን ዓይነት መንገድ ዘጋው። አሁን በአንዱ ምክር ቤት ከአንድ ሦስተኛ ትንሽ የሚበልጥ ደጋፊ ያለው ፕሬዝዳንት ጦርነቱን ማስቀጠል ይችላል።

የድሬ_ልጅ፦
የሚሠራው ገንዘቡን መያዝ ነው። የካምቦዲያ ድብደባ በኦገስት 15 ቀን 1973 የቆመው ኮንግረስ በጀቱን ስለቆረጠ ነው። ጎረቤታችን ሶማሊያን እዩ፤ በ1993 ሞቃዲሾ ላይ 18 የአሜሪካ ወታደሮች ከተገደሉ በኋላ፣ ከማርች 31 ቀን 1994 ወዲያ ለዘመቻው ገንዘብ እንዳይወጣ በሕግ አሰሩት። ክሊንተንም ቀኑን ተቀብሎ ነበር፣ ጦሩ ወጣ። ያ የ2001 ፈቃድ ግን በ2016 መጨረሻ አልሸባብንም እንዲሸፍን ተደረገ። አልሸባብ እኮ በ2001 ጨርሶ አልነበረም! እዚያ አካባቢ ዘመድ ላለን ሰዎች ይሄ የወረቀት ክርክር አይደለም።

ሰላም_ሜሪላንድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ ተወካዬን የምጠይቀው በጦር በጀቱ ላይ ምን ድምፅ እንደሰጠ ነው ማለት ነው?

የድሬ_ልጅ፦
አዎ። ድምፅ በስም የተሰጠ ከሆነ ማን ምን እንዳለ የምክር ቤቶቹ ድረ ገጽ ላይ ታገኚዋለሽ። መጀመሪያ እሱን እዪ፣ ከዚያ ቢሮው ደውዪ።